ኮቱ ከፊት፣ ሱሪው ከኋላ

ልብስ ሰፊ ሞልቷል፤ ጋሽ ካውያ ግን አንድ ነው። ስሙን ያወጣለት የሰፈሩ ሰው ነው። ሱሪ ሰፍቶ ሲያስረክብ የፊቱን መስመር በአውራ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ፣ «በዚህ ሽንኩርት ይከተፍበታል» ሳይል ደንበኛ አይሸኝም። የተጨማደደ ልብስ የለበሰ ሰው በሱቁ ደጃፍ ሲያልፍ ካየ ደግሞ መርዶ እንደሰማ ሰው ከንፈሩን ይመጣል።

እንግዲህ ልጁን ሊድር አሥራ አራት ሰዓት በሚፈጅ በረራ፣ ያውም ከኋላ፣ ያውም መሀል ወንበር ላይ የተቀመጠው ይኸው ሰውዬ ነው።

ያስጨነቀው ሠርጉ አልነበረም፤ የሙሽራው አባት ነበር። ሰውየው በዚያ በሩቅ አገር የተዘጋጀ ሙሉ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ከሁለት ሳምንት በፊት ደውሎ፣ «እርስዎ አይድከሙ፤ እጅዎን እያወዛወዙ ይምጡ። ልብስ ከሱቄ አዘጋጅቼልዎታለሁ» አለው።

«ለኔ? የሱቅ ልብስ?» አለ ጋሽ ካውያ፣ እንደ ተሰደበ ሰው። «የራሴን ሰፍቻለሁ።»

«እሱማ ባማረ። ግን ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ አዳራሹ ነው የምንሄደው፤ መተኮሻ ጊዜ የለም። አሥራ አራት ሰዓት የተቀመጡበት ልብስ ደግሞ... ያው ያውቁታል።»

«ተጨማዶ ከወረደ የእርስዎን እለብሳለሁ።»

«ቃል ነው?»

«የሰፊ ቃል ነው!» ብሎ ዘጋው።

የደነገጠው ከዘጋው በኋላ ነው። ሻንጣ ውስጥ ቢከተው ሻንጣ የሰፊ ጠላት ነው። ስለዚህ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ የእንጨት መስቀያ በብብቱ ሸጉጦ ተሳፈረ።

«ልጄ፣» አላት አስተናጋጇን፣ «ለዚህች ኮት መስቀያ ቦታ አታጪም?»

«ቁም ሣጥን ያለው ከፊት ላሉት ብቻ ነው፣ አባቴ።»

«እኔ ልሂድ መቼ አልኩ? ኮቴ ይሂድ ነው ያልኩት።»

ልጅቷ ሳቀችና ወሰደችለት። ኮቱ መጋረጃውን አልፎ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ተሰቀለ፤ ባለቤቱ በሸሚዝ ቀረ።

ያንን ወንበር የለካው ሰውዬ ሜትር እንጂ ሰው አይቶ የሚያውቅ አይመስልም። የጋሽ ካውያ ጉልበት ከፊት ካለው ወንበር ጋር ተፋጧል። ከፊቱ የተቀመጠው መላጣ ሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ሲለቀው ጭንቅላቱ እቅፉ ውስጥ መጣ፤ ፀጉር አስተካካይ ቢሆን ኖሮ እንኳ ሥራ አያገኝበትም ነበር። በመስኮቱ በኩል አንድ ወፍራም ሰውዬ አውሮፕላኑ ገና ሳይነሳ ተኝቷል። በመተላለፊያው በኩል ደግሞ ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ፤ ድምፃቸው እስካሁን ከሰሌዳ ፊት አልወረደም። ምግብ ሲመጣ ጋሽ ካውያ ወጡን በዓይኑ ተሰናብቶ ደረቅ ዳቦ በላ፤ አንዲት ጠብታ ከምትወድቅበት ረሃቡን መረጠ።

በሁለተኛው ሰዓት ጉልበቱን ከኋላ ቢዳስሰው ጨርቁ እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፏል። አሥራ ሁለት ሰዓት ይቀራል። ላብ አጠመቀው። ላቡም ሱፍ እንደሚያበላሽ ትዝ ሲለው የባሰ አላበው።

ያኔ ነው የድሮ ዘዴ የመጣለት። ካውያ ሳይገዛ በፊት የደንበኛን ሱሪ የሚተኩሰው ፍራሽ ሥር ዘርግቶ በመተኛት ነበር። ብርድ ልብሱን አንጠልጥሎ መጸዳጃ ቤት ገባ፤ ብርድ ልብሱን አገልድሞ፣ ሱሪውን በክንዱ ላይ ዘርግቶ ወጣ። ጨርቁን በእርጥብ እጁ አሸት አሸት አደረገ፤ መስመሩን ከመስመሩ አጋጠመ፤ ጉልበቱ ላይ አንዴ አጠፈው፤ ጉልበት መቼም መታጠፉ አይቀርለትም። የአየር መንገዱን መጽሔት ከላይ ዘረጋና ቁጭ አለበት።

መምህርቷ ይህን ሁሉ ሲያዩ ቆይተው ጠጋ አሉ። «ወንድሜ፣ ሱሪህ የት ሄደ?»

«እየተተኮሰ ነው፣ እትዬ።»

«ማን ነው የሚተኩሰው?»

«እኔ ነኝ።»

መምህርቷ ጥቂት አሰቡና፣ «በምንህ እንደሆነ አልጠይቅም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ስድስት ሰዓት ያህል እንደተጓዙ የአስተናጋጆቹ አለቃ መጋረጃውን ገልጦ መጣ። «የሰማያዊው ኮት ባለቤት እርስዎ ነዎት? ከፊት ያሉት ሁሉ ማን ሰፋው እያሉ ነው። እንዲህ ያለ ኮት የሚለብስ ሰው ከኋላ መቀመጥ የለበትም። አንድ ባዶ ወንበር አለን፤ ሲዘረጋ አልጋ ይሆናል። ይነሱ፣ ጌታዬ።»

ሰው ዕድሉ ሲጠራው ሱሪ ለብሶ መገኘት አለበት። ጋሽ ካውያ ወደ ፊት አየ፤ ሠላሳ ረድፍ ሰው። ወደ ታች አየ፤ ብርድ ልብስ። ሱሪው ደግሞ ገና አልበሰለም።

«አልነሳም!» አለ። ድንጋጤው ድምፁን ከፍ አደረገበት። «እኔ ወገኖቼን እዚህ አስቀምጬ እዚያ ሄጄ አልተኛም!»

አንዱ ከኋላ «ወንድ!» አለ፤ ጭብጨባው ተከተለ። «እንዲህ ያለ ሰው ነው የጠፋው!» አለች ሌላዋ። መላጣው እንኳ አፍሮ ወንበሩን ቀጥ አደረገና ጋሽ ካውያ አራት ጣት ቦታ አገኘ።

መምህርቷ ቦርሳቸውን አነሱ። «እኔ ወገን የለኝም፤ እኔን ውሰደኝ» አሉት አለቃውን። ሊሄዱ ሲሉ ወደ ጋሽ ካውያ ጆሮ ጎንበስ አሉና፣ «በርታ። ብቻ እንዳትነሳ» አሉት።

ከዚያ በኋላ መነሳት የማይታሰብ ሆነ። ሰው እየመጣ ይጨብጠዋል፤ ሽማግሌ ይመርቀዋል፤ አንዱ አብሮት ፎቶ ተነሳ። ጀግና ደግሞ በየደቂቃው ተነስቶ እግሩን አያፍታታም። ብርድ ልብሱን በሁለት እጁ ቆንጥጦ፣ እንደ ሐውልት ተገትሮ ሰዓቱን ገፋው።

ሊያርፉ አንድ ሰዓት ሲቀራቸው መጸዳጃ ቤት ገብቼ እለብሳለሁ ብሎ ሲያስብ አውሮፕላኑ ተናወጠ። «ሁሉም ሰው ከወንበሩ እንዳይነሳ!» ተባለ። ጋሽ ካውያም ሱሪውን ከሥሩ ስቦ ብርድ ልብሱ ውስጥ ትግል ገጠመ። በክርኑ ሁለቴ የወፍራሙን ሆድ መታው። ሰውየው ባንድ ዓይኑ ነቃ።

«ደረስን?»

«አልደረስንም፤ ተኛ።»

ተኛ። ሱሪው ገባ። መስመሩም፣ ምን ይደረጋል፣ ሽንኩርት ቀርቶ ሥጋ የሚከትፍ ሆኖ ወጣ! ኮቱንም አመጡለት፤ አንድም ቦታ አልተጨማደደም።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከሱሪው ጋር ያወለቀውን ጫማ ሊያደርግ ቢሞክር እግሩ አልገባም። ሳይነቃነቅ ውሎ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ገፋው፤ ተሳደበው፤ ለመነው፤ እምቢ አለ።

የሙሽራው አባት በላስቲክ የተሸፈነ ልብስ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ መውጫው ላይ ቆሟል። ጋሽ ካውያን ከአንገትጌው ጀምሮ ወደ ታች መረመረው። ትከሻው፣ ደህና። ወገቡ፣ ደህና። መስመሩ ላይ ሲደርስ አፉን ከፈተ። ከመስመሩ በታች ካልሲ ብቻ ነበር፤ ጫማው በእጅ ነው።

«ስለ ጫማ አልተነጋገርንም» አለ ጋሽ ካውያ ፈጠን ብሎ።

ሰውየው የሻንጣ ጋሪው ላይ ተቀምጦ የራሱን ጫማ ማውለቅ ጀመረ። «አርባ አምስት ነው፤ ይበቃሃል። እኔ መኪና ውስጥ ሰንደል ጫማ አለኝ።» አንቱታው እዚያው ቀረ።

ጋሽ ካውያ አመነታ። «ከሱቅህ ነው?»

«ኧረ ከእግሬ ነው፣ አንተ ሰው!»

ጫማውን አድርጎ ሊያመሰግነው እጁን ሲጨብጠው ጣቶቹን አጣቸው። የሰውየው ኮት እጅጌ ውጧቸዋል።

«ይሄ ነገር ረዝሟል።»

«የኔ ትከሻ የሚገኘው በዚህ ልክ ብቻ ነው። ሰባት ዓመቴ እንዲህ ስለብስ።»

«ሰባት ዓመት!» ጋሽ ካውያ መርዶውን ሰማ። ከኮቱ ገበር ሥር የተሰካች መርፌውን ነቀለ። «መኪናው ውስጥ ግባ። ክንድህን ስጠኝ። ሹፌሩ ቀስ ብሎ ይንዳ በለው።»

አዳራሹ በር ላይ ሙሽሪት ሁለቱን አባቶቿን አየች። አንዱ ጀልባ የሚያህል ጫማ እየጎተተ፣ አንዱ በሰንደል፣ ግራ እጅጌው ልክ፣ ቀኝ እጅጌው ገና ጣቱ ላይ።

«አባዬ!» አለች። «እግርህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«እሱን ተይው» አለ ጋሽ ካውያ፣ ሱሪውን በሁለት ጣቱ ወጠር አድርጎ። «መስመሩን እይ፣ የኔ ልጅ። መስመሩን!»