ሁለት ተኩል ኪሎ

በ2008 ክረምት የእኅቱ የሥርጉት ልጅ ሲወለድ ልዑልሰገድ ከፍኖተ ሰላም ደውሎ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስንት ኪሎ ሆነ? እናቱ ወይዘሮ አስካለ ማርያም አዋላጇ የነገረቻቸውን ይዘው «ሁለት ተኩል» አሉት። «እንግዲያውስ ደህና ነው፤ አታስቡ» አላቸው። የተማረው ልጅ ደህና ነው ካለ ማን ያስባል? ከቡሬ ወዲያ ያለው ዘመድ ሁሉ ሰምቶ ዕልል አለ።

ልዑልሰገድ በአንድ የጤና ጽሕፈት ቤት የመረጃ ሠራተኛ ነው። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ማንም ሳያስተምረው፣ መብራት በመጣ ቁጥር እየተንደረደረ ተምሮታል፤ ስለዚህ ትንሽ ይጎርራል፤ ይጎርር። ልጁ ከተወለደ ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት የጨቅላ ሕፃናትን ሠንጠረዥ ከፈተ፤ «ክብደት» የሚለውን ዓምድ መረጠና ኮምፒውተሩን ሂስቶግራም የሚባለውን የምሰሶ ሥዕል እንዲስልለት አዘዘው። ሕፃናቱ በየክብደታቸው ዐሥር ምሰሶ ሆነው ተደረደሩ፤ መካከሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ያለ ያማረ ጉብታ። አለቃው አቶ ሃይለ ሚካኤል «ይኼማ ለክልል ይሄዳል!» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢቀር ምን ነበረበት? እሱ ግን ይበልጥ ላሳምረው ብሎ ምሰሶዎቹን አርባ አደረጋቸው። ጉብታው ፈረሰ። ሁለት ተኩል ላይ አንድ ረጅም ምሰሶ ብቻውን ተገትሮ ወጣ፤ ከጎኑ በስተግራ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ የሆነ ልጅ በአገሩ አልተወለደም ማለት ነው።

ወዲያው ገባው። ከሁለት ተኩል በታች የሆነ ልጅ ከነእናቱ ሆስፒታል ይላካል። በዚህ ጭቃ አራስ በቃሬዛ ተሸክሞ የሞላ ወንዝ ማሻገር! አዋላጆቹ አንጀታቸው አልችል እያለ ሁለት ተኩል ብለው ይጽፋሉ። በክፋት አይደለም፤ አዝነው ነው። ልዑልሰገድ ሊቆጣ እንኳ አልቻለም። ፈራ። ስልኩን አነሣ።

«እማዬ፣ ልጁን ዛሬውኑ ቡሬ ሐኪም ቤት አምጡት።»

«ምን ሆነሃል? ክርስትና ሳይነሣ አራስ ከቤት አውጥቼ ምች ላስመታት? ወንዙንስ በምን ልንሻገር?»

«ክብደቱ ትክክል ላይሆን ይችላል።»

«አንተው አይደለህ ደህና ነው ያልኸን!»

ምሰሶውን በስልክ አያሳያቸው ነገር።

«ይጠባል?» አለ።

«እንቅልፉ በርትቷል እንጂ። አያስቸግር፣ አያለቅስ! ወለላዪቱ እመቤቴን፣ እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ አይቼም አላውቅ። ከትናንት ወዲህማ ድምፁንም አልሰማንም።»

ልዑልሰገድ ከወንበሩ ተነሣ። «ቀስቅሱት» አለ።

«ሥርጉትም ደክሟት ተኝታለች፤ ተዋቸው።»

«እማዬ፣ በማርያም፤ ቀስቅሱት።»

ስልኩን ሳይዘጉ ሲራመዱ ተሰማው። እዚያም ዝናብ ቆርቆሮውን ይወቅጣል። አቶ ሃይለ ሚካኤል ብቅ ብለው ስክሪኑን አዩና «ይኼን ምን አበላሸው? ወደ ዐሥሩ መልሰው እንጂ» አሉ። ልዑልሰገድ ዝም እንዲሉለት እጁን አነሣ።

«ንቃ እንጂ፣ የኔ ጌታ» አሉ እናቱ ከወዲያ፤ «አጎትህ እኮ ነው።» ሲነቀንቁት ተሰማው። «አጎትህ ነው» አሉ እንደገና፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። ከዚያ ሥርጉትን በስሟ ጠሩ።