ገነት ሳትሰማ

መርጋ የሌሊት ሺፍቱን ጨርሶ ጓንቱን ሲያወልቅ ሱፐርቫይዘሩ በመስታወቱ በኩል በእጁ ጠራው። በስደት አገሩ፣ ፍሪድሊ በምትባል ከተማ ያለው ይህ ፋብሪካ የልብ ሕክምና መሣሪያ ስለሚሠራበት ሞባይል ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ሰው በጥብቅ ሲፈለግ የሚጠራው በቢሮው ስልክ ነው። በቢሮው ስልክ ደግሞ ማንም ለደግ ነገር ተጠርቶ አያውቅም።

የደወለችው የልጁ ትምህርት ቤት የልውውጥ ፕሮግራም አስተባባሪ ነበረች። ልጁ ዳራርቱ ለክረምቱ ጃፓን ሄዳለች። ከተቀበሏት ቤተሰብ ጋር ባሕር ዳርቻ ላይ አሸዋው ላይ ውላ፣ አመሻሹ ላይ ውሃው ጎትቶ ወሰዳት። አውጥተዋታል። ትተነፍሳለች፣ ግን አልነቃችም። "አዲስ ነገር ሲኖር በሞባይልህ እደውላለሁ" አለችው።

መርጋ መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪውን ጨብጦ ቀረ። የደወለው ለሚስቱ ለገነት አልነበረም፤ ለቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ለጋሽ ዲንሳ ነው።

"ስማኝ ልጄ" አሉት ጋሽ ዲንሳ፣ ካዳመጡት በኋላ። "ብቻህን እንዳትነግራት። ደም ግፊቷን ታውቃለህ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ይዞ ነው የሚነገረው። እኛ እንመጣለን። አንተ ቀድመህ ግባና የቤቱን ስልክ ንቀል፤ እሷ እንደሁ ሞባይል የላትም። ይሄ ከተማ እኮ ወሬ አያሳድርም፤ አንዷ ‹አይዞሽ› ልበል ብላ ትደውልና ጉድ ትሠራናለች።"

ትክክል መሰለው። እናቱ የአባቱን ሞት የሰሙት እንዲሁ ነበር፤ ጎረቤቱ ግቢውን ሞልቶ፣ እሳቸውም በሰው እጅ ተይዘው። ባደገበት አገር ሴት ልጅ ብቻዋን ቆማ መርዶ አይነገራትም።

ኒው ሆፕ ከተማ ካለው አፓርታማቸው ሲደርስ ገነት ለእሑድ አምልኮ ትለባብስ ነበር። ጫማውን ለማውለቅ የጎነበሰ መስሎ፣ ከሶፋው ኋላ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለ።

"መጣህ?" አለች ከመኝታ ቤት። "ማታ አንተ እንደወጣህ ዳሬ ደወለች። እዚያ ቀን ነው፤ ከአሸዋው ላይ ሆና፣ በተቀበለቻት ሴትዮ ሞባይል። የሕፃን መዓት አለ አለችኝ፤ ሁሉም ባልዲና አካፋ ይዞ ይቆፍራል። ደግሞ ዓይናቸውን በጨርቅ ይታሰሩና ሐብሐብ በዱላ ይመታሉ! ታምናለህ? የሳተው ይሳቅበታል፣ ያገኘው ይፈልጠውና ሁሉም ይበላል።"

"እ" አለ መርጋ።

"ውሃው እስከ ጉልበት ነው፣ ‹ማም፣ ኢትስ ፎር ኪድስ› ትለኛለች። እኔ ግን ተቆጣኋት። ከጉልበትሽ ካለፍሽ እኔና አንቺ አንተያይም አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ከበደኝ። ልጅቷ ደስ ብሏት ነበር እኮ።" ሳሎን መጥታ ከቦርሳዋ የስልክ ካርድ አወጣች። "አሁን ቤት ተመልሳለች፤ እዚያ መሽቷል። ደግ ቃል ነግሬያት ትተኛ።"

የቤቱን ስልክ እጀታ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆመች። "ድምፅ የለውም።"

"መስመሩን እየጠገኑ ነው።"

"እሑድ ጠዋት? በል ሞባይልህን ስጠኝ።"

"ቻርጅ የለውም።"

ሞባይሉ ኪሱ ውስጥ ጭኑን ያቃጠለው መሰለው። ዓይኗን እያየ ዋሽቷት አያውቅም ነበር።

"ምነው ፊትህ? ከሥራ አባረሩህ እንዴ?" ሳቀች። "ቢያባርሩህም አልፈታህም፣ አይዞህ።"

በዚህ መካከል ነው በመስኮቱ ያየቻቸው። ጋሽ ዲንሳ ከፊት፣ ባለቤታቸው ማሚት ከጎናቸው፣ ከኋላ የመዘምራኑ ሴቶች። መኪናቸውን ራቅ አድርገው አቁመው በእግር ይመጣሉ፤ አንድም የሚነጋገር የለም። በጠዋት፣ ሳይደውል፣ ተሰብስቦ በዝምታ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሐበሻ ሆኖ የማያውቅ የለም።

በሩ እንደተከፈተ "ማን ሞተ?" አለች።

"ተቀመጪ እስኪ፣ የኔ እናት" አለች ማሚት አቅፋት።

"አልቀመጥም። እማዬ ናት? ማሚትዬ፣ እማዬ ናት?"

"በመጀመሪያ ቃሉን እንስማ" አሉ ጋሽ ዲንሳ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገልጠው። ልብ ቀስ እያለ እንዲዘጋጅ እንዲህ ነው የሚደረገው። ቀስ ብለው ያነቡ ጀመር። ገነት ግን የምታየው መርጋን ነበር። ለእናቷ ቢሆን ፊቱ እንዲህ አመድ አይመስልም።

ያን ጊዜ ቻርጅ የለውም የተባለው ሞባይል ጮኸ።

መርጋ ወደ ኩሽና ሮጦ አነሳው። አስተባባሪዋ ናት።

"የት ነበራችሁ?" አለች። "ነቅታ ነበር እኮ! አወራች። በቃሏ የምታውቀው የቤታችሁን ቁጥር ብቻ ነው፤ ደጋግማ ደወለች። ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። እናቴ ተቆጥታ ነው የማታነሳው እያለች ታለቅስ ነበር። ከዚያ ትንፋሿ እያጠረ መጣ። አሁን በመድኃኒት አስተኝተዋታል፣ በማሽን ነው የምትተነፍሰው። ዶክተሮቹ ትተርፋለች አላሉም፤ አትተርፍም ብለውም አልቆረጡም።"

ቀስ ተብሎ የሚነገርበት መንገድ ሁሉ ከአእምሮው ጠፋ። ሳሎኑ መሐል ቆሞ "ዳሬ ናት" አለ። "ባሕር ወስዷት አውጥተዋታል። ነቅታ ስትደውልልሽ ነበር። ስልኩን የነቀልኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ በማሽን ናት።"

ሴቶቹ ሊይዟት ተጠጉ። ገነት አልወደቀችም፣ አልጮኸችምም። እጇን ከእጃቸው መነጨቀች።

"ነቅታ እኔን ፈለገች?"

"አዎ።"

"እናንተ ደግሞ እኔን ልትደግፉ ነው የመጣችሁት?"

"ልጄ፣ እኔ ነኝ ንቀል ያልኩት..." አሉ ጋሽ ዲንሳ።

"ይተዉኝ፣ ጋሼ።" ሞባይሉን ከመርጋ እጅ ቀማችው። "ጆሮዋ ላይ አድርጉልኝ" አለች በእንግሊዝኛዋ። "ፕሊስ። ጆሮዋ ላይ።"

አስተባባሪዋ ልጅቷን ከተቀበለችውና ከአልጋው አጠገብ ከተቀመጠችው ጃፓናዊት ጋር አገናኘቻት። ከሩቅ "ማማ፣ ኦኬ፣ ኦኬ" የሚል የሚንቀጠቀጥ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ማሽኑ ብቻ። መርጋ ተጠግቶ ስለቆመ ይሰማዋል፤ አየር ይገፋል፣ አየር ይስባል።

"ዳሬዬ፣ አልተቆጣሁም። ስልኩ ተበላሽቶ ነው። እሰይ ውሃው ውስጥ ገባሽ፣ የኔ ዓለም፣ ደግ አደረግሽ፣ ሙቀት ነበር አይደል?" ልጅቷን በእንግሊዝኛ አናግራት የማታውቀው ሴት "አይ አም ኖት ማድ፣ ቤቢ" አለች። "አይ አም ሂር።"

ጋሽ ዲንሳ ተንበርክከው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መጸለይ ጀመሩ፣ ሴቶቹም ተከተሏቸው። ገነት መዳፏን ዘርግታ አስቆመቻቸው።

"ዝም በሉልኝ። በእግዚአብሔር ዝም በሉ። ስትተነፍስ ልስማ።"

ጋሽ ዲንሳ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ በጉልበታቸው ቀሩ። ገነት የሞባይሉን ጠርዝ ጆሮዋ ውስጥ ልታስገባው ነበር። ድምፁ ትንሽ በዘገየ ቁጥር የመርጋን ክንድ ትጨብጣለች፤ ሲመለስ ትለቀዋለች። መርጋ ክንዱን ሳያንቀሳቅስ ቆመ፣ በጨበጠችው ቁጥር መልቀቋን እየጠበቀ።