ሰባት ቤት ለጭላዳ

ሰብሌ የእንስሳት ሐኪም ናት። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው የአውሬ ማገገሚያ፣ እናቶቻቸው የሞቱባቸውን አራት ወንድ ጭላዳ ዝንጀሮዎች በጡጦ አሳድጋ፣ ሣር መንጨት አስተምራ፣ ለአቅመ ገደል አድርሳቸዋለች።

ሊለቀቁ የታሰበው በተወለዱበት በአሞራ ገደል ነበር። እንግዳ ተጠርቷል፤ ድንኳን ተተክሏል። እሷ ግን ከአዲስ አበባ የመጣውን የመንጋውን የደም ምርመራ ውጤት ከሰማች ወዲህ ሰላም የላትም። አሞራ ገደልን እርሻ ዙሪያውን ስለከበበው ከውጭ የሚገባ ወንድ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። መንጋው እርስ በርሱ ተዋልዶ አንድ ደም ሆኗል፤ ግልገሎቹም ጡት ሳይተዉ ይረግፋሉ።

«እዚያ አይለቀቁም» አለች፣ ሳጥኖቹ መኪና ላይ ከተጫኑ በኋላ።

«ሰብሌ፣ እባክሽ!» አሉ ኃላፊዋ አቶ አወቀ። «ሰዉ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ጭላዳው አገሩ ይግባ።»

«አገሩ ሲገባ የሚጠብቀው እህቱ ናት። እርስዎ ልጅዎን ሲድሩ ሰባት ቤት አልቆጠሩም?»

«ሰውና አውሬ አንድ ነው እንዴ?»

«ደም ደም ነው። አስታ አፋፍ ገደል ያለው መንጋ ግን ባዳቸው ነው፤ እነዚህም ከበሽታ ነጻ ናቸው። ወደዚያ እንውሰዳቸው፣ ከዚያም ለአሞራ ገደል ወንድ እናምጣ ብዬ ስንቴ ለመንኩዎት?»

«አሻፈረኝ ካልሽ እንጀራሽ ነው የሚቋረጠው!»

«ይቋረጣ!»

ጋቢና ገባች። ሾፌሩ አዩብ ግራ ተጋብቶ አያት።

«ሐኪም፣ እኔ እኮ ልጆች አሉኝ።»

«እሷ ናት ያዘዘችኝ በል።»

«ወላሂ፣ አንቺስ ልብ አለሽ!» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ከማገገሚያው ግቢ ሲወጡ አቶ አወቀ ከኋላ እጃቸውን እያወናጨፉ ይጮኹ ነበር።

አስታ አፋፍ ላይ ሳጥኖቹ ሲከፈቱ የመንጋው ትልልቅ ወንዶች ጥርሳቸውን አገጠጡባቸው። አራቱ ተመልሰው ቀሚሷ ሥር ተሸጎጡ። እሷ ግን ጨከነች። «ሂዱ! ምን ታዩኛላችሁ?» ብላ ጮኸችባቸው። እያመነቱ፣ ዳር ዳሩን ከሚግጡት ጎረምሶች ጋር ተቀላቀሉ።

በሳምንቱ ከሥራ ተባረረች። አቀስታ ሄዳ የገበሬውን በግና ፍየል ስታክም ኖረች፤ ጊዜ ባገኘች ቁጥር ግን አስታ አፋፍ ትወጣለች። በሦስተኛው ዓመት፣ ካሳደገቻቸው አንዱ የራሱን ሴቶች ይዞ አየችው። ከጎኑ አንድ ግልገል የእናቱን ጀርባ ጨምድዶ ይጋልባል። ብቻዋን ቆማ እልል አለች።

በዚያው ክረምት አቶ አወቀ ደወሉ።

«አሞራ ገደል ዘንድሮ አንድም ግልገል አልተረፈልንም። ተመለሽልን።»

«ከአስታ አፋፍ ወንድ ይምጣ ካላችሁ እመጣለሁ።»

«ጭራሽ ትደራደሪኛለሽ?»

«አዎ።»

በስልኩ ሳል ተሰማ።

«ይሁን። ሳጥኖቹ አሉ፣ ቀኑን ንገሪኝ።»

«እነሱ ጠባብ ናቸው» አለች ሰብሌ። «ሌላ ያሠሩ። የአስታ አፋፍ ወንዶች ግዙፎች ናቸው።»