የውድነሽ የስፌት መኪና

«ሰውዬው እየመጣ ነው» አለች ሸዋረጋ፣ ከበረንዳው ተመልሳ ወደ ወጥ ቤት እየገባች።

ቅድስት የሻይ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። «የቱ ሰውዬ?»

«ሐጅ ሰይድ ነዋ! ለእትዬ ውድነሽ የስፌት መኪናውን በቂስጥ፣ በየወሩ በሚከፈል፣ የሰጣት ባለ ሱቅ። ታች ቆሞ ፎቁን ሲጠይቅ አየሁት። ምን ጉድ ነው! አፈሯ ሳይደርቅ፣ በሣልስቷ፣ ለወር ክፍያው ይመጣል?»

ቅድስት ውሃውን ዘግታ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። አምስት ፎቅ ነው፤ ሽማግሌው እስኪወጡ ትንሽ ጊዜ አላት። ጊዜው ምን እንደሚያደርግላት ግን አላወቀችም።

ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ዙሪያውን ተነጥፏል። ለቅሶ ደራሹ ከጠዋት ጀምሮ ሲገባና ሲወጣ ውሎ አሁን አሥራ አምስት የሚሆን ሰው ቀርቷል። መሃል ላይ የተቀመጡት ጋሽ ግርማ ናቸው፤ ውድነሽን ያስቀበሩት፣ የአስከሬን መኪና የለመኑት፣ ወረቀቱን ያስጨረሱት እሳቸው ናቸው። ሃያ ዓመት ካይሮ ኖረው ዐረብኛ እንቢ ብሏቸው ቀርቷል። በሩ አጠገብ፣ ፍራሹ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ደግሞ አብርሽ አለ። ሦስቱንም ቀን ከአይን ሻምስ ሰፈር እየመጣ እዚያችው ጥግ ይቀመጣል። ከጎኑ የሚቀመጥ የለም። ትሪው እሱ ጋ ሲደርስ ሻዩ ያልቃል።

«ዓይኑን በጨው ታጥቦ መጣ» ብላ ነበር ሸዋረጋ በመጀመሪያው ቀን፣ እሱም እንዲሰማው ድምጿን ሳትቀንስ። «ዘርፎ ገደላት፤ አሁን ደግሞ ያለቅስላታል።»

ቅድስት ያን ጊዜም ትሪዋን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገብታለች።

ውድነሽ ደሴ ከተማ ልብስ ሰፊ ነበረች። ካይሮ ስትመጣ በእጅ መርፌ ጀመረች፤ ዚፕ መቀየር፣ ሱሪ ማሳጠር። መርፌውን በከንፈሮቿ መሃል ይዛ ታወራለች፤ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ትውጠዋለች እያለ ይሳቀቃል። ቅድስትን ያገኘቻት ከሁለት ዓመት በፊት በስደተኞች ጽሕፈት ቤት ሰልፍ ላይ ነው። ቅድስት ትኩሳት ይዟት አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ ነበር። ውድነሽ ግንባሯን ዳሰሰችና፣ ስሟን እንኳ ሳትጠይቅ፣ «ተነሽ፤ ትርፍ ፍራሽ አለኝ» አለቻት። በዚያው ቀረች።

የስደተኛ ልጆች ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስፊልን ሲላት ውድነሽ ሐጅ ሰይድ ሱቅ ሄደች። ትልቅ፣ በሞተር የሚሠራ የስፌት መኪና በየወሩ እየከፈለች ልትወስድ ተስማማች። ውሉን ያነበበችላት ቅድስት ናት። ክፍያው ተጠናቅቆ እስኪያልቅ መኪናው የሱቁ ነው፤ ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ ግን ኃላፊው ወሳጁ ነው።

«ቆይ ቆይ» አለች ውድነሽ እየሳቀች። «ሲኖር የእሳቸው፣ ሲጠፋ የኔ?»

«እንደዚያ ነው የሚለው እትዬ።»

«ይሁን። እኛ ቤት ምን ይጠፋል?» ብላ ፈረመች።

አምስት ወር ሰፋችበት። ያኔ አብርሽም ከእነሱ ጋር ነበር፤ ትንሿን ክፍል ተከራይቶ። ቀን ቱክቱክ ይነዳል፤ ማታ እየተሳደበም ቢሆን የመኪናውን ሞተር ዘይት ይቀባላት ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቅድስት ብቻዋን ነበረች። ከእናቷ ጋር በስልክ እያወራች ዳቦ ልትገዛ ወረደች። ወንድሟ ታስሯል፤ እናቷ ታለቅሳለች። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ቆማ ስታወራ ቆየች። ስትመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መኪናው የነበረበት ቦታ ላይ የክር ቁርጥራጭ ብቻ ቀርቷል።

«ቆልፌ ነው የወጣሁት» አለች፣ ሁሉም ሲሰበሰብ። ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው። ከወጣ በኋላ ግን መመለሻ አጣችለት። ቁልፉ አልተሰበረም። ታዲያ የከፈተው ቁልፍ ያለው ሰው ነው። ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው፤ ውድነሽ፣ ቅድስትና አብርሽ። ማንም በግልጽ አንተ ነህ ያለው አልነበረም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲገባ ወሬ ሲቋረጥ ቆየና አንድ ጠዋት ፍራሹን ጠቅልሎ ወጣ።

ጋሽ ግርማ ውድነሽን ቁጭ አድርገው መከሯት። «ዕቃው የሰውዬው ነው፤ ይፈልግ። ለማትሠሪበት መኪና አንድ ሳንቲም እንዳትከፍዪ።» ውድነሽ አዳመጠቻቸው፤ ከዚያ ማዓዲ ሰፈር የቤት ጽዳት ሥራ ያዘች። በሃምሳ ስድስት ዓመቷ፣ በታመመ ልቧ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ የሰው ደረጃ እየወለወለች ለሌለ መኪና ከፈለች። ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ ሜትሮው ውስጥ ጥግ ይዛ አንገቷን ደፋች። ሰው የተኛች መስሎት አለፋት። መሞቷ የታወቀው ባቡሩ መጨረሻው፣ ኤል ማርግ ሲደርስ ነው።

ሐጅ ሰይድ ግድግዳውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ከሰበሰቡ በኋላ ገቡ። ረጅም ግራጫ ጀለቢያ ለብሰዋል። በዐረብኛ ቀሪው ዕድሜ ለእናንተ ይሁን ብለው ሁሉንም እጅ ነሱ። አብርሽ ብድግ ብሎ ቦታውን ለቀቀላቸው፤ እሱ ደጃፉ ላይ ቆመ።

ሻይ አልፈለጉም። ትሪ ይዛ የቀረበቻቸውን ቅድስትን አተኩረው አዩና፣ «ልጇ አንቺ ነሽ?» አሏት።

ቅድስት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ሽማግሌው ወደ እሷ ጠጋ ብለው፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ እያቆራረጡ ተናገሩ። ረጅም ነገር ነበር። ሸዋረጋ ከወጥ ቤቱ በር ጆሯን ጣለች፤ ከሩቅ ስለሆነ ግን አልያዘላትም። ቅድስት እየሰማች ስትሄድ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች።

«ምን አሉ?» አሉ ጋሽ ግርማ። «ገንዘቡን ከሆነ የስደተኛ ማኅበራችን ይነጋገርበታል በያቸው። ሐዘን ቤት ነው።»

«ገንዘብ አይደለም። የቀረውን ትቻለሁ ነው የሚሉት። ኸላስ፣ አበቃ፣ ምንም የለባትም።»

ቤቱ ውስጥ ማጉረምረም ተሰማ። ሸዋረጋ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«እግዜር ይስጥልን በያቸው» አሉ ጋሽ ግርማ። «ሌላስ? ብዙ ተናገሩ እኮ።»

ቅድስት ቀና ስትል ዓይኗ ከአብርሽ ዓይን ጋር ተጋጨ። ቅርብ ነበር፤ ዐረብኛው ከእሷ ይሻላል፤ ሁሉንም ሰምቷል። አቀርቅሮ የጫማውን አፍንጫ ማየት ጀመረ። ቢናገር ይችል ነበር። ግን ጠበቃት።

«ሌላም አሉ» አለች። «መኪናው የተሰረቀ ጊዜ እትዬ ሱቃቸው ሄዳ ነበር። ኪሳራውን እንካፈል፣ እኔም ድርሻ አለብኝ አሏት። እንቢ አለች። ሌቦች ሰብረው ገብተው ቢሆን እካፈልዎት ነበር፤ በሩን ክፍት ትታ የወረደችው ልጄ ናት፤ ጥፋቱ የቤቴ ስለሆነ ከፋዩም እኔ ነኝ አለቻቸው። ለማንም እንዳይናገሩም አስማለቻቸው፤ ልጅቷ ካፈረች ትሄድብኛለች ብላ።»

ሰው ሁሉ ወደ ቅድስት ዞረ።

«ልጄ ያለችው እኔን ነው» አለች ቅድስት። «አልቆለፍኩም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጥዬው ነው የወረድኩት። አብርሽ ምንም አላደረገም።»

ያን ለት ማታ ውድነሽ ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ እጇ ላይ እንዳስቀመጠችላትና «አትጣይው» ብቻ ብላት ለመተኛት እንደሄደች አሁን ታወሳት። ዘጠኝ ወር ሙሉ ምክር መስሏት ነበር።

ጋሽ ግርማ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ ልጅ...» ብለው ጀመሩና ተውት። ሐጅ ሰይድ የተባለውን ባይረዱም የሆነውን የተረዱ መሰለ፤ «ማሌሽ፣ ማሌሽ ያ ብንቲ» እያሉ፣ አይዞሽ ልጄ እንደማለት፣ ተነሡ። አብርሽ ደጃፉ ላይ አልነበረም።

ቅድስት ተከትላው ወጣች። አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። እሷም ሁለት ደረጃ ከበላዩ ተቀመጠች።

«በየወሩ አይን ሻምስ ትመጣ ነበር» አለ፣ ሳይዞር። «ወጥ በሳሕን ይዛ። ሸሚዜን ትሰፋልኛለች። አንተ እንዳልሆንክ አውቃለሁ ትለኛለች። በምን አወቅሽ ስላት ዝም። ልታጣራኝ፣ ያዕኒ ልትሰልለኝ የምትመጣ ይመስለኝ ነበር። የመጨረሻ ቀን እንደውም በር አልከፈትኩላትም። ሳሕኑን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ሄደች።»

«አብርሽ...»

«አንቺን ለማዳን እኔን ጣለችኝ። ታውቂያለሽ? ይህን ደግሞ አሁን እሷን ልጠይቃት አልችልም።» መዳፉን ዓይኖቹ ላይ ጫነ። «በሕይወት ብትኖር እጣላት ነበር። ጮኼ ነበር የምጣላት።»

ቅድስት ይቅርታ ለማለት አፏን ከፈተች። ዘጠኝ ወር ለቆየ ነገር ያቺ ቃል አነሰችባት። «ነገ ማኅበሩ ፊት እደግመዋለሁ» አለች። «አይን ሻምስም መጥቼ፣ አከራይህ ፊትም።»

አብርሽ እንባውን በእጅጌው ጠረገ።

ከታች የእግር ኮቴ ተሰማ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አሮጊት፣ ሁለት የዳቦ ፌስታል ይዘው፣ በየደረጃው እያረፉ ወጡ። ቅድስትና አብርሽ ወደ ግድግዳው ተጠግተው አሳለፏቸው። አሮጊቷ ግን እነሱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«የውድነሽ ቤት ይሄ ነው ልጆቼ? ዘግይቼ ሰምቼ ነው። የስደተኞች ጽሕፈት ቤት ሰልፍ አብረን የምንቆም ነን።» የቅድስትን ያበጠ ዓይን አዩ። «አንቺስ ለሟች ምኗ ነሽ የኔ እናት?»

ቅድስት ወደ አብርሽ ዞረች።

አብርሽ ተነሣ። ፌስታሎቹን ከአሮጊቷ እጅ ተቀበለ።

«ልጇ ናት» አለ፤ ዳቦውን ይዞ ቀድሟቸው ወደ ላይ ወጣ።