ልጓም እና ሁለት እግር ያላት ጀልባ

ሞተረኛዋን ያናደዳት ሞገዱ አይደለም። ሞገድማ ምን ያድርግ፣ ሥራው ነው። እርር ድብን ያደረጋት አጎቷ ነው።

ልጓም ነው የሚሉት። አርባ ዓመት ሙሉ የእንጨት ጀልባ ሲነዳ፣ ትንሽ ሞገድ ባየ ቁጥር ፍጥነቱን ሳብ፣ ሳብ፣ ሳብ ሲያስደርግ ስሙ በዚያው ልጓም ሆኖ ቀረ። ሚስቱ ራሷ አንድ ቀን ተናዳ "አንተ ልጓም!" ብላዋለች አሉ። ያወሩት እንግዲህ ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ኃጢአቱ በነሱ።

ልጅቷ ደግሞ የሞተር ጥገና ሥራዋን ትታ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ጀልባ ስትሠራ ከረመች። ጀልባዋ ሁለት እግር አላት። ሁለት ቀጫጭን ጀልባ ጎን ለጎን አስቀምጡና ከላይ በአንድ ወለል አያይዟቸው፤ እሷን ታገኛላችሁ። ከኋላ በየእግሯ አንድ አንድ ሞተር ተንጠልጥሏል። በእግሮቿ መሃል ባዶ ዋሻ አለ። ስትሮጥ ነፋስ በዚያ ይገባና ከሥር እንደ ትራስ ይደግፋታል፤ ያኔ የሞገዱን ጫፍ ጫፍ ረገጥ ረገጥ እያደረገች ታልፋለች። ቀስ ካለች ግን ትራሱ ይተነፍሳል። ቁጭ ትላለች። ውኃው ዋሻው ውስጥ ገብቶ ወለሏን በጥፊ ይላታል፤ እሷም በፊት በኩል "እፍፍ!" ብላ ተሳፋሪው ላይ ታስነጥሰዋለች።

ይህን ለልጓም ያልነገረችበት ቀን የለም።

"ጋሼ፣ ይቺ እንደ ድሮዋ አይደለችም። ሞገድ ስታይ ነው መሮጥ ያለብህ።"

"ፈርቶ የሚሮጥማ ሌባ ነው" ይላታል። በሉ እስቲ ተከራከሩት!

ለምን ራሷ አትነዳም ብትሉ፣ እናቷ አለቻ! የልጓም ታናሽ እህት። በዚያ ቤት ከታላቅ እጅ መሪ አይነጠቅም። የልጓም አባት ዓይናቸው ፈዞ እንኳ መሪ ይዘው ነበር፤ ሁለቴ ጀልባዋን አሸዋ ላይ ሲያወጧት ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ወርዶ ገፋ። እናቲቱ በዚያን ዕለት ጠዋት በር ላይ ቆማ፣ "መሪውን ከወንድሜ እጅ ብትነጥቂ ዓይንሽን እንዳላየው" አለቻት።

ቀኑ ደግሞ የፈተና ቀን ነበር። ከፈቃድ ቢሮ አንድ ተቆጣጣሪ መጣ፤ ጫማው የተወለወለ፣ ወረቀቱን ደረቱ ላይ እንደ ሕፃን ያቀፈ። ደሴቱ ላይ ክሊኒክ አለ፤ ነርሶቹን በየቀኑ የሚያመላልስ ጀልባ ይፈለጋል። እሱ "ትሆናለች" ካለ ሥራው የሷ ነው። "አትሆንም" ካለ የሁለት ዓመት ልፋቷ ግቢ ውስጥ ተገልብጦ የዶሮ ቤት ይሆናል።

ከወደቡ ወጡ። ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣል፣ ውኃው ነጭ ነጭ አረፋ እያወጣ ነው። የመጀመሪያው ሞገድ ብቅ ሲል ልጓም ሳበ። ጧ! እፍፍ! ተቆጣጣሪው ከነወረቀቱ ታጠበ።

"ጋሼ ስጣት!"

"ምን ልስጣት?"

"ነዳጅ ነዋ!"

"ሞገዱ አይታይሽም?"

"ስለታየኝ እኮ ነው!"

ሁለተኛው መጣ፣ ሳበ። ሦስተኛው መጣ፣ ሳበ። ተቆጣጣሪው ውኃ መቅጃውን ባልዲ አቅፎ ተጎነበሰ፤ ቁርሱ ምን እንደነበር ሁሉም አወቀ።

"እህቴ" አላት ቀና ብሎ፣ "ይቺ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነች?"

"አይ፣ አጎቴ ሲ…" ብላ ምላሷን ነከሰች። "ዛሬ ትንሽ አኩርፋ ነው።"

"እኔ በቅቶኛል። መልሱኝ፤ 'አትሆንም' ብዬ ልጻፍና እንገላገል።"

ልጓም ጭራሽ ደስ አለው። "እውነትህን ነው ልጄ! እኔም ከመጀመሪያው ነግሬያታለሁ!"

ልጅቷ ደሟ ፈላ። ገፍትራው መሪውን ብትይዝ ደስታዋ ነበር። የእናቷ ፊት መጣባትና እጇን ብብቷ ሥር ከተተች። ከዚያ አጎቷን አየችው። አንድ እጁ መሪ ላይ፣ አንድ እጁ ሁለቱ የነዳጅ መስጫ እጀታዎች ላይ።

"ጋሼ" አለች፣ ማር የላሰች ይመስል። "በድሮዋ ጀልባ ነዳጁን ማን ነበር የሚሰጠው?"

"ሞተረኛው ነዋ፣ ከሥር ሆኖ። እኔ ከላይ አዛለሁ።"

"አንተስ እጀታ ነክተህ ታውቃለህ?"

"ካፒቴን? እጀታ?" ሰው የሰደበው መሰለ። "እኔ የዘይት እጅ አለኝ እንዴ!"

"ታዲያ አሁን ምን ይዘሃል?"

ልጓም ዝቅ ብሎ እጁን አየ። ፍም የጨበጠ ይመስል ለቀቀው።

"ታዲያ ይህን ቀድመሽ አትነግሪኝም? የሞተረኛ ሥራ ስታሠሪኝ ከረምሽ እኮ!"

እሷ ስንት ወር አፏ እስኪደርቅ የለፈለፈችውን አስባ ጥርሷን አፋጨች። ጊዜ አልነበረም። እጀታዎቹን ይዛ ገፋች።

ጀልባዋ መጀመሪያ አጓራች፣ ከዚያ ብድግ አለች። ጥፊው ቆመ። ማስነጠሱ ቆመ። ከሥር ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ብቻ ቀረ። ልጓም "ቀስ በይ!" ይጮኻል፤ እሷ "እሺ ካፒቴን!" ትልና ትጨምራለች። "ቀስ በይ አልኩሽ!" "እሺ ካፒቴን!" ትጨምራለች። ተቆጣጣሪው ባልዲውን አስቀመጠ።

ደሴቱ ሲቃረብ አንድ ሞገድ መጣ፣ ከሌሎቹ የማይለይ። ልጓም በዚህኛው አልጮኸም። መሪውን ወደ ጎን ጠምዘዝ አደረገና በቀስታ፣ "ከኋላው ጉድጓድ አለው፤ አሁን ተይ" አላት። አነጋገሩ አስደነገጣትና ትንሽ ለቀቀች። ጀልባዋ ሞገዱን በትከሻዋ ወጥታ በዝግታ ወረደች። ከኋላው እውነትም ገደል የመሰለ ጉድጓድ ነበር። በዚያ ፍጥነት ቀጥ ብለው ገብተው ቢሆን በአፍንጫዋ ተተክላ ነበር። ልጅቷ ይህን አውቃለች፤ ለእሱ ግን አልነገረችውም፣ ስንት ዓመት ሊያወራው!

ደሴቱ ላይ ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ድንጋይ ላይ ዘርግቶ ጻፈ፤ ረጅም ነገር ጻፈ። ልጅቷ አንገቷን አስግጋ ለማንበብ ሞከረች።

"ፈቅጃለሁ" አለ። ልትስመው ነበር። "ግን በአንድ ግዴታ። መሪውን እርሳቸው፣ ነዳጁን አንቺ። ሁለታችሁም ካልተሳፈራችሁ ጀልባዋ ንቅንቅ አትልም።"

"ሁለታችንም? እስከ መቼ?"

"ፈቃዱ የአምስት ዓመት ነው።"

"አምስት ዓመት! ወንድሜ፣ እባክህ ሌላ ሞተረኛም ካፒቴንም ይፈለግ…"

"በአንዳችሁ ብቻ ያየሁትንማ አየሁት፤ ልብሴ ገና አልደረቀም" አለና ፊርማውን ጫረ።

ልጓም ኮሌታውን አስተካከለ። "ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደብ ትገኛለሽ፣ ሞተረኛ። ማርፈድ አልወድም።"

ሲመለሱ ነፋሱ ወድቆ ነበር። ሐይቁ እንደ መስታወት ተኝቷል፣ አንዲት ቅጠል እንኳ አትነቃነቅበትም። ልጅቷ ገና ሞተሮቹን ከማስነሳቷ፣

"ኧረ ቀስ በይ!" አለ ልጓም።

ካምስቱ ዓመት የሄደው አንድ ሰዓት አይሞላም።