ገና አልሞቀም

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የድቤ ከበሮ ቆዳ ሳሞቅ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን እንኳን ምቺ ያለኝ የለም።

በሰፈራችን የሴቶች መውሊድ ላይ ድቤ የሚመቱት አራት ናቸው። እኔ ቱሪያ ከበሩ አጠገብ ከሰል ፊት ተቀምጬ ቆዳውን አሞቃለሁ። ቆዳ ካልሞቀ ይረግባል፤ ከበዛበት ደግሞ ይሰነጠቃል። በጥፍሬ ጠቅ አድርጌ ስሰማው መድረሱን አውቃለሁ። ፊደል ሦስተኛ ክፍል ላይ ጥሎኝ ሄዷል፤ ቆዳ ግን አነባለሁ።

ይህን ቦታ የሰጡኝ የመውሊዱ መሪ ሐጂያ ናስቲሆ ናቸው። ያኔ አንድ ጊዜ ድቤ ይዤ የባቡር ምት መታሁ። አባቴ የባቡር ፍሬን ያዥ ነበር፤ ከደወሌ እስከ ድሬ በሐዲዱ ምት በነቢዩ ላይ ሰለዋት እያወረደ ነበር የሚመጣው። ቱኩ-ታክ፣ ቱኩ-ታክ። እኔም እሱን መታሁ። ሴቶቹ ሳቁ፤ አንዷማ ትከሻዋን ነቀነቀች። ሐጂያ ድቤውን ከእጄ ነጠቁኝ።

"ናያ፣ አንቺ! ይሄ ዚክር ነው፤ የሰርግ ጨዋታ መሰለሽ? ያንቺ እጅ ለእሳት ነው!"

ለእሳት ይሁን አልኩ። ግን አልረሳሁም። አባቴ ከሞተ በኋላማ ያ ምት ከኔ ጋር አፈር ሊገባ ነው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ዘንድሮ በመውሊዱ ዋዜማ ዝናብ ጥሎ የደቻቱ ወንዝ ሞላ። ርጥበት የገባበት ቆዳ እንደ ሊጥ ነው። በማግስቱ ከሰሌን አቀጣጠልኩና ትንሿን ትርፍ ድቤ ብቻ አሙቄ ሻሌ ሥር ደበቅኳት። አራቱን እንደረገቡ ሰጠኋቸው። በነቢዩ ቀን ተንኮል ይሠራል ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልሠራሁም፤ አላሞቅኩም ብቻ።

የመጀመሪያው ዱፍ አለ። ሁለተኛውም ዱፍ። ዋናዋ መቺ ፋርሂያ ድቤዋን ገልብጣ ውስጡን አየችው፣ ድምፁ እዚያ የወደቀ ይመስል።

"ናያ ቱሪያ!" አሉ ሐጂያ። "ምን አድርገሽው ነው?"

"ምንም።"

"ምንም?"

"ወላሂ ሐጂያ፣ ምንም አላደረግኩም!" ውሸት የለበትም።

ሰው ሁሉ ተቀምጦ ይጠብቃል። ትንሿን ድቤ ከሻሌ ሥር አወጣሁና ጀመርኩ፤ ቱኩ-ታክ፣ ቱኩ-ታክ። ሰለዋቱንም አባቴ እንደሚያወርደው አወረድኩት። ፋርሂያ ሳቀች፤ ወዲያው በጭብጨባ ገባች። ቀስ በቀስ ቤቱ በሙሉ ተሳፈረ።

ሐጂያ ተነስተው መጡ። ልክ እንደዚያን ጊዜው እጃቸውን ዘረጉ። ድቤዋን ጭኔ ላይ አጥብቄ ያዝኳት፤ መምታቴን ግን አላቆምኩም። ቀና ብዬ ሳያቸው ከንፈራቸው ሰለዋቱን ይላል፤ የእግራቸው አውራ ጣት ከነጠላ ጫማው ወጥቶ ምቱን ይከተላል።

"ማን አስተማረሽ?"

"አባቴ። ሰለዋት ሲያወርድበት ኖሯል።"

"ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ያኔ መች ጠየቁኝ?"

የተዘረጋው እጃቸው ወረደ። "እሺ፣ ትልልቆቹስ? እንዲሁ ረግበው ሊውሉ ነው?"

በቀኜ እየመታሁ በግራዬ የከሰል ማራገቢያውን አቀበልኳቸው።

"የኔ እጅ ተይዟል ሐጂያ።"

ፋርሂያ አፏን በሻርፗ ያዘች። ሐጂያ አንዴ እኔን፣ አንዴ ማራገቢያውን አዩ፤ ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከሰሉ ፊት ቁጭ አሉ። እያራገቡ፣ እያሳሉ፣ አንዱን ድቤ በጥፍራቸው ጠቅ አደረጉት።

"ደረሰ?"

ደርሶ ነበር። ጥርት ብሎ ነው የጮኸው።

"ገና አልሞቀም ሐጂያ" አልኳቸው። "ያራግቡ።"