ቃሬዛ ላይ የወጣው ውሻ

ይታይሽ የውሻዋን የመከታን ከንፈር ገለጥ አድርጋ ድዱን አየችና እሳት እንደነካው ሰው እጇን ሰበሰበች። ትናንት ፈዘዝ ብሎ ነበር፤ ዛሬ ግን የስንዴ ሊጥ መስሏል። ውሻው ጅራቱን ሊያወዛውዝላት ሞከረና አንዴ ብቻ መሬቱን መታ አድርጎ ተወው።

«ሐረግ፣ ነይ እስቲ። ሕመሙ ተመልሶበታል።»

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇ ሐረግ ከደጅ ሮጣ ገባች። ውሻው የሚተኛበትን ጆንያ ሳብ ስታደርገው ከሥሩ ነጫጭ ነገር ተበተነ። ኪኒን ነው። አንዳንዱ ሙሉ ነው፣ አንዳንዱ ታኝኮ የተተፋ፣ ላዩ ላይ ሽሮ የደረቀበት።

ይታይሽ ነገሩ ወዲያው ገባት። እስከ ቅበላ ድረስ ኪኒኑን በቅቤ ጠቅልላ ስታጎርሰው ጣቷን ጭምር ይልስ ነበር። ጾም ሲገባ ግን እንደ ደንቡ የቅቤውን ቅል ከድና ሰቀለች፤ ኪኒኑንም በሽሮ ፍትፍት ትሰጠው ጀመር። ጌታው መከታ ሽሮውን እየበላ ኪኒኑን ከጆንያው ሥር ሲያጠራቅም ከርሟል። እሷ ቅቤ ስትጾም እሱ መድኃኒት ጾመ።

«እኔው ነኝ የገደልኩት» አለች።

«ገና መች ሞተ? ስማቸው ዛሬ ከተማሪ ዘማቾቹ ጋር ወይራው ሥር ነው ያለው፤ እንውሰድለት።»

«በምኑ ይሄዳል?»

«በቃሬዛ ነዋ።»

ስማቸው ለከብት ክትባት አገሩን የሚዞር የእንስሳት ሐኪም ረዳት ነው። ባለፈው መስከረም መከታ እንዲሁ ነጥቶ ሲወድቅ፣ ከጆሮው ጠብታ ደም ወስዶ መስታወት ላይ ቢያደርጋት እንደ ተበላሸ ወተት ጓጎለች። «መዥገርም አይደል፣ ትልም አይደል» ብሏት ነበር። «ሰውነቱ የገዛ ደሙን ጠላት ነው ብሎ እየፈጀው ነው። ኪኒኑ ያስታግሠዋል እንጂ አይነቅለውም። ድዱን በየማለዳው እይው።» ይኸው ከዚያ ወዲህ አንድም ማለዳ ሳታይ አላለፈችም። ያላየችው ጆንያውን ነው።

ደግሞ ቀኑ። ስድሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ፣ ቅዳሜ። መሬት ላራሹ ከታወጀ ገና ሁለት ወር አልሞላውም፤ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው በእነ ይታይሽ ቀበሌ፣ እኩል አራሽ የነበረ ሁሉ ዛሬ ወይራው ሥር ቆሞ የማንን መሬት ያርስ እንደነበር በሕዝብ ፊት ተናግሮ መሬቱ በስሙ ይጻፍለታል። ይታይሽ የምትናገረውን ሳምንቱን ሙሉ ለብቻዋ ስትለማመድ ነው የሰነበተችው። የወንዝ ዳሩን መሬት ባሏ አሻግሬ ለባለርስቱ ለግራዝማች ካሳ እኩሌታ ሲገብርበት ሃያ ዓመት ኖሯል፤ በረሀቡ ክፉ ቀን እሱ ከሞተ በኋላም እሷ በደቦ እያሳረሰች አላስነጠቀችውም። ሌላው የሚያርሱት የዳገቱ መሬት ጭንጫ ነው፤ ከወንዝ ዳሩ በቀር ለሐረግ የምታወርሰው ረብ ያለው መሬት የላትም።

ሁለት እንጨት አጋድመው፣ በጠፍር አያያዙና ውሻውን አስተኙት። ይታይሽ ነጠላዋን ደረበችለት። ከፊትና ከኋላ አንሥተው ቁልቁለቱን ተያያዙት።

የአገሩ ደንብ ይታወቃል፤ ቃሬዛ ያየ መንገደኛ ሳይሸከም አያልፍም። ወደ ስብሰባው የሚሄዱ አራት ሰዎች ከኋላ ደርሰው፣ «እግዜር ይማር፣ እግዜር ይማር» እያሉ ከሴቶቹ ትከሻ ተቀበሏቸው። እየሮጡ ነው የሄዱት። ይታይሽ ልትነግራቸው አፏን ከፈተችና ፍጥነቱን ስታይ መልሳ ዘጋችው። ወንዙን ተሻግረው አቀበቱን ካጋመሱ በኋላ አንደኛው ላቡን እየጠረገ፣ «ለመሆኑ ማን ነው የታመመው?» አለ። ያን ጊዜ ከነጠላው ሥር አንድ ጅራት ብቅ አለ።

«ኧረ ጉድ፣ ውሻ ነው እንዴ የተሸከምነው?»

«ውሻ ነው» አለች ይታይሽ። «ከፈለጋችሁ አውርዱት። ባሌን ቀብሬ እህል ይሰጣል ወደተባለበት ወደ አቀስታ ስንሄድ፣ እኔ ወድቄ ልጄን ከጅብ የከለከለልኝ እሱ ነው። ሰው የጠፋ ዕለት ነው።»

ሰዎቹ ተያዩ። የጠየቀው ሰውዬ ሳቀ፤ ሳቁም ወዲያው ጠፋ። «እንግዲህ አንዴ ጀምረነዋል» አለና እንጨቱን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረው።

ወይራው ሥር ደርሰው ሲያወርዱት ሕዝቡ ሟች መጣ ብሎ ተነሥቶ ነበር። ውሻ መሆኑ ሲታወቅ ሳቁ እስከ ገደሉ ተሰማ። ስማቸው ግን አልሳቀም። ነጠላውን ገፎ ለይታይሽ መለሰ፣ ድዱን ተጫነ፣ ደረቱን አዳመጠ፣ ሽቅብ አያት።

«ኪኒን አለኝ፤ ግን ኪኒን እስኪሠራ ቀናት ይፈልጋል። ይሄ ደግሞ ምሽትም የሚደርስ አይመስለኝም። አሁኑኑ ደም ይፈልጋል።»

«የምን ደም?»

«የሌላ ውሻ ደም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ያለባት ጠርሙስ ከደሴ ለምኜ ይዤአለሁ፤ ይመለስበታል ብዬ ፈርቼ ነበር። አብሽሪ፣ ይሞከራል። ትልቅና ጤነኛ ውሻ ብቻ አምጪልኝ።»

ይታይሽ ዙሪያዋን አየች። ከክፉው ቀን ወዲህ በአገሩ የቀረው ውሻ ሁሉ አጥንቱ የሚቆጠር ነው። ወፍራም ውሻ አንድ ብቻ አለ፤ እሱም የግራዝማች ካሳ ውሻ ጎራዴ ነው። ግራዝማች ከሕዝቡ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ውሻው እግራቸው ሥር ተኝቷል። ድሮ ካጠገባቸው የማይጠፋው አሽከር የለም፤ አዋጁን በሰማ በሳምንቱ ሄዷል።

ሄደች፤ በሹክሹክታ ነገረቻቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ሳያዞሩ አዳመጧት።

«ደሙን ውሰጂ» አሉ ቀስ ብለው። «የወንዝ ዳሩን ግን ዛሬ አታንሺው። የዳገቱን መሬት አጽፊ፤ የወንዝ ዳሩን አሻግሬ አርሶት አያውቅም በይ። ይኸው ነው።»

ይታይሽ ወደ ቃሬዛው ብታይ የመከታ ጎን ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ወደዚያ ብታይ ሐረግ ራሱን ይዛለት ተንበርክካለች። እሺ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ማንም አይሰማም፣ ማንም አያውቅም። ያን ጊዜ ካኪ የለበሰችው ዘማች ብርሀንነሽ መዝገቧን ገልጣ ስሟን ጠራች።

«ወይዘሮ ይታይሽ፣ የአሻግሬ ባለቤት። የማንን መሬት ነው የምታርሱት?»

ይታይሽ ነጠላዋን ሳታደገድግ፣ እጇን ሳታጣምር ቀጥ ብላ ቆመች።

«የግራዝማች ካሳን» አለች፤ ድምጿ እሷንም አስደነገጣት። «የዳገቱን መሬት። የወንዝ ዳሩንም። ከሾላው እስከ መሻገሪያው ድረስ ሃያ ዓመት አርሰናል፣ እኩሌታውን ገብረናል።»

«ምስክር አለ?»

«አለ፤ እኔ አውቃለሁ» አለ ቃሬዛ የተሸከመው ሰውዬ። ሌሎችም እጃቸውን አወጡ። ብርሀንነሽ ጻፈች። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይታይሽ እንባዋ መጣ፤ ደስታ ነው፣ ፍርሃትም ነው። አሁን መሬት አላት፤ ውሻ ግን የላትም።

ከዚያ ሰዉ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች ሲል ወደ ግራዝማች ዞረች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አደገደገች፤ እንደ ድሮው፣ ሕዝብ ሁሉ እያየ።

«ግራዝማች፣ በወላዲተ አምላክ ይዤዎታለሁ። የውሻዎን ደም ይስጡኝ።»

አንድ ሰው ከወደ ኋላ፣ «ለሰው ያልተገኘ ደም» ብሎ አጉረመረመ። ሌላው ዝም አሰኘው። ግራዝማች ቀና አሉ።

«መሬቴን ወስደሽ አልበቃሽም? ደሙም ቀረሽ?»

«መሬቱን የወሰደው መንግሥት ነው። ደሙን ግን የምለምንዎ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ዘንጋቸውን ሲያገላብጡ ቆዩ። መንግሥት ለምኖ አያውቅም፤ ከአዋጁ ወዲህ ደግሞ ማንም ምንም አልለመናቸውም። በቅሎ፣ ዘር፣ ምክር፣ ምንም። ሕዝቡ ሁሉ አፋቸውን ያያል።

«ካሳ ውሻ ነፈገ አይባልም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ሌላ ሰው እንዳይነካው፤ ይናከሳል። እኔው እይዘዋለሁ።»

ሰው ተደግፈው እንጂ የማይነሡት ግራዝማች አፈር ላይ ተንበርክከው ጎራዴን በሁለት እጃቸው አቀፉት። ስማቸው አፉን በጨርቅ አስሮ መርፌውን አንገቱ ላይ ሰካ። ጠርሙሷ መሙላት ስትጀምር ተሰብሳቢው መዝገቡን ትቶ ከበባቸው፤ ብርሀንነሽም ብዕሯን እንደያዘች መጣች። ሐረግ ጠርሙሷን ከፍ አድርጋ ያዘች። የጎራዴ ደም በመከታ የፊት እግር በኩል ጠብ ጠብ እያለ ገባ። ጠርሙሷ ስትጋመስ መከታ ዓይኑን ገለጠ፤ ስታልቅ ራሱን ቀና አደረገ። ይታይሽ ከንፈሩን ገለጠች። ገና ነጭ ነው፤ ጫፉ ላይ ግን ቀላ ብሏል።

«ቀልቷል» አለች። «እዩት፣ ቀልቷል።»

እልልታው ከሴቶቹ ወገን ተነሣ፤ የጀመረችው ማን እንደሆነች አልታወቀም።

«ዛሬ አለፈ ማለት ዳነ ማለት አይደለም» አላት ስማቸው ኪኒኑን ሲሰጣት። «ይመለስበታል። በሚመጣው ዓመትም፣ በሚመጣው ወርም ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ደግሞ እንታገላለን። ኪኒኑን ግን በቅቤ አድርጊለት፤ ውሻ ምን ጾም አለው?»

ከሰዓት በኋላ ቤት ሲደርሱ ይታይሽ የመጀመሪያ ሥራዋ የቅቤውን ቅል ማውረድ ሆነ። ኪኒኑን ጠቅልላ አጎረሰችው፣ መንጋጋውን ይዛ ጠበቀች፣ ከምላሱ ሥር ሳይቀር ፈተሸች። ጣቷን ላሰው።

ከዚያ እጇን ታጥባ ምጣዱን ሳታሞቅ ከትናንቱ እንጀራ አነሣች፤ የባቄላውን ወጥ አሞቀች። አገልግሉን አውርዳ እንጀራውን አጣጥፋ ደረደረችበት፣ ወጡን በሸክላ ድስት አድርጋ ከላይ አስቀመጠች፣ ክዳኑን በጠፍሩ አጠበቀች።

«ሐረግ፣ ይሄን ግራዝማች ቤት አድርሺ። ደም ለሰጠው ውሻ ነው በይ። ለእሳቸው ነው እንዳትይ።»

ሐረግ አገልግሉን መዘነችው፤ ለሁለት ሰው ይተርፋል።

«እማ፣ ለውሻ በአገልግል ይላካል እንዴ?»

ይታይሽ ማንኪያ ፈልጋ አመጣችና በጠፍሩ መሐል ሰካችው።

«ሂጂ፣ ሳይቀዘቅዝ» አለች።